የገደሉ ዳር ሰሌዳ

ለአባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? ብርድ ሲገባ እንደሚጠዘጥዝህ ስለማውቅ ከሁሉ በፊት እሱን ልጠይቅ። እኔ ደህና ነኝ፤ ተናድጄ እንጂ አሞኝ አይደለም። ስልኩን ጆሮህ ላይ በመዝጋቴ ይቅር በለኝ። ስለተናገርኩት ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

እስቲ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ በስልክ አላስጨረስከኝም። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት መምህርት ዳማው ፈረስ ላይ አስቀምጬ፣ እኔ በግራጫዋ ከፊት እየመራሁ፣ የፓርኩን የፈረስ መንገድ ይዘን ወጣን። ገደሉ ጋ ስንደርስ አንድ እግረኛ ትልቅ ሻንጣ አዝሎ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ቆሞ ሰሌዳውን አነበበ። «ፈረስ ሲመጣ ወደ ላይ ወጥተው ያሳልፉ» ይላል። እንደተባለው ዳገቱ ላይ ወጥቶ ከነሻንጣው ተገተረ። ዳማው ከራሱ በላይ የተቆለለ ነገር ሲያይ ደንብሮ ወደ ገደሉ ሸሸ። የፊት እግሩን ተክሎ ባይቆም ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር። መምህርቷ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ።

በማግስቱ የፓርኩ ኃላፊ ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ፈረሱ አመለኛ ነው፣ ከዚህ በፊትም አስቸግሮኛል ይላል። ከፈረምኩ ዳማው ይገደላል፤ ካልፈረምኩ እኔ እባረራለሁ። ደግሞ የብዕሩን ክዳን ራሱ ከፍቶ ነው ያቀበለኝ፣ ቸርነቱ! ሕፃን ላዩ ላይ ሲያንቀላፋ እርምጃውን የሚቀንስ ፈረስ ነው አመለኛ የተባለው። አልፈርምም አልኩት። አሁንም አልፈርምም።

አንተ ግን ምን አልከኝ? ለአንድ ፈረስ ብለሽ ሥራሽን አትጪ፣ ፈርሚና ዝም በዪ፣ እልኸኛ ነሽ አልከኝ። እልሁን ከማን እንደወረስኩት እማዬን ጠይቃት። ገደሉ ጋ እግረኛ ወደ ታችኛው መቆሚያ ወርዶ ፈረሱን ያናግረው፣ ድምፅ ሲሰማ ሰው መሆኑን ያውቃል ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም? ወደ ላይ የሚወጣው ወንዙ ጋ ብቻ ነው፤ እዚያ ታቹ ጭቃ ነዋ።

እናም ትናንት ወንዙ ድረስ በእግሬ ወረድኩ። እዚያ ያለው ሰሌዳ ወደ ታች ውረዱ ይላል። ሁለቱ ተቀያይረዋል፣ አባዬ። በየቀኑ ሳልፍባቸው አንድም ቀን አንብቤያቸው አላውቅም፤ የማውቀውን ምን ብዬ አነባለሁ? ሁለቱም የተመቱት በዚያ አናቱ ሰፊ በሆነ ሚስማር ነው፣ ካንተ ጣሳ ውስጥ በቀር የትም አይቼው በማላውቀው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከፓርኩ ጡረታ ልትወጣ ስትል ያለው ጊዜ ትዝ አለኝ። የቢሮውን ወረቀት ሁሉ እኔ ነበርኩ የማነብልህ። መነጽሬን ቤት ረሳሁት ትለኝ ነበር፤ ቤት ስንገባም የማነብልህ እኔው ነበርኩ። ለካ ዓይንህ ነው የደከመው።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የአደጋው አጣሪዎች ይሰበሰባሉ። ሰሌዳዎቹ መቀያየራቸውን እናገራለሁ፤ ሥራዬን ከወሰዱ ይውሰዱ። ማን ሰቀላቸው ብለው መጠየቃቸውም አይቀርም። አልዋሽም። ግን ያን መልስ ከእኔ አፍ እንዲሰሙት አልፈልግም። ባንተ አፍሬ አላውቅም፣ አባዬ፤ አሁንም እንዳታሳፍረኝ።

ዳማው ከጋጣ እንዳይወጣ ታዟል። እኔ ደግሞ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ኮርቻ ጭኜበት አውቶቡስ መውረጃው ጋ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። የሚያየኝ ይየኝ። ዳገቱን በእግርህ አትወጣውም። ልጓሙን ለቀቅ አድርገህ ተቀመጥበት፤ እሱ ያይልሃል።

እማዬን ሳምልኝ። ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትህን ያጽናልኝ።

እልኸኛዋ ልጅህ