የአብሾው ሽክና

ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? የእንጦጦ ክረምት ለጉልበት አይመችምና ያንተን እንዴት አደረገው? ባለቤትህስ፣ ተማሪዎችህስ ደኅና ናቸው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ። ዛሬም መገናኛ የታክሲ ተራ አስከብራለሁ። የታርጋ ቁጥር በአእምሮዬ ስለማይቆይ መዳፌ ላይ እጽፋለሁ፤ ሾፌሮቹ "መጽሐፉ" ይሉኛል። ድሮ መጽሐፉ ትለኝ የነበርከው አንተ ነበርክ፣ ያኔ ግን ለሙገሳ ነው።

ስልክ አጥቼ አይደለም የጻፍኩት። በስልክ ብነግርህ እንደ ልማድህ ታስቀኛለህ፣ ከሳቅሁ ደግሞ ይቅር እልሃለሁ። ይቅር ማለት ገና አልፈለግሁም።

የቅኔ መምህራችን የየኔታ ወልደ ሐዋርያት የልጅ ልጅ ሐመልማል የተዳረች ዕለት፣ ሲግናል ባለው አዳራሽ ውስጥ ከሩቅ አየሁህ። ልጠራህ ስነሳ ጠጅ በብርሌ ቀረበልህና ጠጣህ። ደገምክ። እኔ በገዛ ሠርጌ ጠላ ያልቀመስኩ ሰው ነኝ፤ አብሾ የጠጣ መጠጥ ከነካ ያብዳል ብለው የኔታ ያስማሉት ሁለታችንን ነበር። አሁን አብሾው ተነስቶበት ጥምጥሙን ይጥላል፣ ሰው ይማታል ብዬ ልይዝህ ልሮጥ ነበር። አንተ ሦስተኛውን ጨርሰህ ሙሽሮቹን መረቅህ። አንድ ቃል አልሳትክም። ሳልጠራህ ወጣሁ።

ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖናል። የኔታ አእምሮ የሚከፍተውን አብሾ በሁለት ሽክና ቀድተው አንተ ፊት አኖሩት፤ ወደ ምሥራቅ ዞረው ሲጸልዩም ዐይናችሁን ጨፍኑ አሉን። ስገልጥ የእኔ ሽክና እስከ አፉ ሞልቷል። ሲቀዳ ግን ከወገቡ አላለፈም ነበር። ያንተ ባዶ ነው። አፍህን እየጠረግህ "ቀደምኩህ" አልከኝ። እኔም እንዳታሾፍብኝ ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት።

ከዚያ ያለውን የምታውቀው አንተ ነህ። ስድስት ቀን ከባሕር ዛፍ ጋር ስከራከር ከረምኩ አሉ። ከምሰሶው ያሰርከኝ አንተ፣ ከምንጩ ውሃ እየቀዳህ ያጠብከኝም አንተ። ለዚያ ውለታህ ስል በስምህ ስምል ኖሬያለሁ፤ የልጄ የክርስትና አባት ያደረግሁህም ለዚሁ ነው። ለካ ስታጥብ የነበረው የራስህን እጅ ኖሯል።

ስነቃ ጉባኤ ቃና እንኳ አልሞላ አለኝ። ያንተን ቅኔ አርም የነበርኩት ሰውዬ ሁለት መስመር አቅቶኝ ከጉባኤው ወጣሁ። የኔታም "ልቡ አልተቀበለውም" አሉ። ሰው ኃጢአቴን ሲቆጥር እኔም አብሬ ቆጠርኩ። አንተን አብሾ የከፈተው ሊቅ ሲሉህ ዝም አልክ።

የእህቴ ልጅ ሃኒ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ነገሩን ስነግራት የአብሾውን ቅጠል በስልኳ አሳየችኝ፤ አስተናግር ነው፣ ቆሻሻ መጣያ ዳር የሚበቅለው። ከውስጡ የሚወጣው ነገር በጥቂቱ ለዐይን ሕክምና ይውላል፣ ሲበዛ ግን ያሳብዳል፣ ይገድላልም፤ ማስታወስን ያጠፋል እንጂ አይጨምርም አለችኝ። ታዲያ አብሮ አደጌ ያን ሁሉ ትምህርት እንዴት ያዘው ብላት፣ "አጥንተው ነዋ፣ ጋሼ" አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

የባሰ የጎዳኝ ይሄ ነው። ያለ አብሾም መማር እንደሚቻል ከሁላችንም የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። ፈርተህ ነው፣ ልጅ ነበርክ፤ እሱስ ይገባኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ አምስት ዓመት ግን ፍርሃት አይባልም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ እኔ ወድቄም ፈረሱን ሳመሰግን ኖርኩ።

ይህንንም ውጬው እቀር ነበር። እሁድ ግን ልጄ ሕሩይ ካንተ ጉባኤ ፊቱ በርቶ መጣ። የኔታ የሚለው አሁን አንተን ነው። "በጳጉሜ የኔታ አብሾ ሊሰጡኝ ነው፣ እሳቸው የጠጡትን" አለኝ። እንዳትጠጣ፣ እኔን እየኝ ብለው፣ "አባዬ፣ አንተ ስላልቻልከው እኮ ነው" አለኝ። አልተቆጣሁትም። ልጄ እኔን አያምነኝም፣ የሚያምነው አንተን ነው።

ስለዚህ ጳጉሜ ሦስት፣ ለሩፋኤል፣ እመጣለሁ። አንድ ቃል አልናገርም፤ ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሽክናውን ለልጄ ከመስጠትህ በፊት ጠጅ አሳላፊ እንደሚያደርገው በመዳፍህ ጠብ አድርገህ ቅመስለት። መቅመሱ ከከበደህ ለምን እንደከበደህ ራስህ ንገረው።

ሩፋኤል ጉልበትህን ይፈውስልህ። ቤትህን፣ ባለቤትህን ይጠብቅልህ። በክርስትና ልጅህ ፊት እውነት የሚናገር አንደበት ይስጥህ።

የራሱንም ያንተንም የጠጣው
አብሮ አደግህ