የእማዬ ቤት ብርድ ልብስ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ቨርና፤

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ? ኸርበርትስ ከነዳጅ ጉድጓዱ ሥራ በደህና ይገባል? ዶሪንስ የወለቁት ጥርሶቿ በቀሉላት? እማዬም እኔም ደህና ነን። ደህና ነን የምልሽ ለወጉ ያህል አይደለም። ሬዲዮው ስለ በረዶ ማዕበሉና ስለ እኛ ወደብ ያወራውን ሰምተሽ እንቅልፍ እንዳጣሽ ስለማውቅ ነው። ስልኩ ከተቆረጠ ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው። በረዶ ጠራጊው ማሽን ነገ ይደርሳል ስለተባለ ደብዳቤውን ከእሱ ጋር ልልከው ተጣድፌ ተቀምጫለሁ።

በጥቅምት በስልክ የተስማማነውን አልረሳሁም። እኔ ከከተማ መጥቼ የአረጋውያኑን ቤት ወረቀት አስፈርሜ፣ ብርዱ ሳይጠና እማዬን ይዣት ልሄድ ነበር። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ አባባ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት፣ ክፍሉም የሚጠብቃት እስከ ኅዳር መጨረሻ ብቻ ነው ብለን ነበር። ወረቀቱን ስሰጣት ቁጭ ብላ አነበበችው። መነጽሯን አወለቀችና "እሺ፤ መጀመሪያ ግን ቤቱን ላልብሰው" አለችኝ። ለምትለቂው ቤት ምን አደከመሽ ብላት "ሰው ባይኖርበትስ ቤት ራቁቱን ይከርማል እንዴ?" ብላ መጥረቢያውን አስያዘችኝ።

ሥራውን ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሳለን የጥዱ ሙጫ ከእጃችን አልለቅ እያለ ያስለቀሰን ነው። እኔ የጥድ ቅርንጫፍ ከዱር እየቆረጥኩ አመጣሁ፣ በቤቱ መሠረት ዙሪያም እስከ መስኮቱ ሥር ደረደርኩ። እሷ ሁለት ጊዜ አፈረሰችብኝ። ነፋስ ያስገባል አለች። ከዚያ ፍልጡን ወደ ወጥ ቤት አስገባን፣ ፋኖሶቹን ወልውለን ላምባ ሞላን። በመጨረሻም አካፋውን ከደጅ አንስታ አልጋዋ ሥር ከተተችው። ስስቅባት "በረዶው በሩን ከዘጋው ደጅ ያለውን አካፋ በምን ልታወጣው ነው?" አለችኝ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። የመጀመሪያው በረዶ እንደጣለ፣ እማዬን ደስ ላሰኛት ብዬ በጠዋት ተነሣሁና በግድግዳው ዙሪያ የተከመረውን በረዶ አንድም ሳላስቀር ጠርጌ ከአጥሩ ማዶ ደፋሁት። በማግስቱ ቧንቧው ውስጡ በረዶ ሆኖ ጠብ የሚል ውኃ ጠፋ። ጎረቤታችን ጋሽ ጋርላንድ አጥሩ ላይ ተደግፈው "አንተ ሰልቢ! ቤቱን ጢሙን ላጨኸው እኮ! አሥር ዓመት ከተማ ተቀምጠህ የተማርከው ሙያ ይኸው ነው?" እያሉ ሳቁብኝ። እማዬ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። "ልጄ፣ ብርድ ልብሴን እኮ ነው ገፈህ የጣልከው። በል እንደነበረ መልሰህ አልብሰው" አለችኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ የጣልኩትን በረዶ እያመላለስኩ ከቅርንጫፉ ላይ ስከምር ዋልኩ። በረዶ ነፋሱን እየከለከለ ቤት እንደሚያሞቅ እንዴት እንደረሳሁት እኔንም ገርሞኛል።

ረቡዕ ልንሄድ ቆርጠን ነበር። ሰኞ ዕለት እማዬ ለአራት ሰው የሚበቃ አተር ዘፈዘፈች። ሬዲዮው የበረዶ ማዕበሉ ዓርብ ነው ይላል ብላት "ሬዲዮው የሚቆረጥመው ጉልበት የለው፣ በምን ያውቃል? ነገ ነው" አለች። ይሄን ሁሉ አተር ማን ሊበላው ነው አልኳት። "ጋርላንድ አምና የማገዶ ምድጃውን አውጥቶ ጥሏል" አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

እውነትም ማክሰኞ ረፋድ ላይ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ከመስኮቱ ማዶ ያለውን አጥር አላየነውም። መብራት በመጀመሪያው ሰዓት ጠፋ። እኩለ ቀን ሳይሆን ጋሽ ጋርላንድና ባለቤታቸው ሮዳ ተደጋግፈው፣ ቅንድባቸው ነጥቶ ገቡ። የአራት ሰው ሳህን ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ነበር። እማዬ ሾርባውን እየቀዳች "ጋርላንድ፣ ያ የኤሌክትሪክ ማሞቂያህ ደህና ነው?" አለቻቸው። እሳቸውም "ኤፊ፣ በእግዜር ይዤሻለሁ፣ መጀመሪያ ልብላ፣ ከዚያ ስደቢኝ" አሉ። እትዬ፣ ያንቺም የእኔም ቤት የሚሞቀው በመብራት ነው። ልናድናት የተነሣነውን ሴት አየኋትና ኮራሁባት። እንዲህ ያለች እናት ስላለችኝ በእውነት ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን ለሮዳ ደረቅ ካልሲ ፍለጋ እማዬ ክፍል ገባሁ። ከበሩ ኋላ የአባባ ቡናማ ሻንጣ ቆማለች። ከፈትኳት። የእሑድ ቀሚሷ፣ ወፍራም ካልሲዋ፣ መድኃኒቷ፣ የአባባ ፎቶግራፍ፣ በክር የታሰሩ ያንቺ ደብዳቤዎች አሉ። ከሁሉ በላይ ያ የአረጋውያኑ ቤት ወረቀት አለ፤ ፈርማበታለች። የጻፈችው ቀን እኔ የመጣሁበት ዕለት ነው። ለዚያ ማዕበል የተሰናዳችውን ያህል ለእኛም ተሰናድታ ነበር፤ ሳታማርር፣ አንድ ቃል ሳትለምነን። አልጋዋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ወረቀቱን አልላክሁትም። ብትቆጪኝ እችለዋለሁ። ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ጠይቄ በረዶው እስኪቀልጥ እዚሁ ልከርም ቆርጫለሁ። እሷ የሚያስፈልጋት ቅርንጫፍ የሚቆርጥላትና ፍልጥ የሚፈልጥላት ሰው ነው፤ ለዚህ ደግሞ አንቺም እኔም አናንስም። የሚመጣው ኅዳር ተራው ያንቺ ነው። ይህን ስነግራት ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። "ቁርጥ ነው?" አለችኝ። ቁርጥ ነው አልኳት። እግሮቿን ወደ እሳቱ አስጠጋችና "እንግዲያው ሂድና ወፍራሙን ካልሲዬን ከሻንጣው አምጣልኝ፤ ይሄን ሁሉ ቀን እግሬ በርዶኛል" አለችኝ።

ለኸርበርት የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ዶሪንን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ጋሽ ጋርላንድና ሮዳ ሰላም ብለውሻል፤ ጋሽ ጋርላንድ ምድጃ እየፈለጉ ነው። እማዬም ናፍቆቷ ብዙ ነው፤ በኅዳር ስትመጪ ጓንት እንዳትረሺ፣ ሙጫው ዛሬም አይለቅም ብላሻለች።

ወንድምሽ ሰልቢ

ታከር ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ታኅሣሥ 5 ቀን 1983 እ.ኤ.አ.