ስለ በሩ ይቅርታ አልጠይቅም

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ግንቦት 14

ለምወድህ ባለቤቴ፣

ጤናህን ሳልጠይቅ ወደ ጠቡ ብገባ ደግ አይደለም። ወገብህ እንዴት ነው? የመርከብ ሞተር ስር ተኝተህ ስትውል ብርድ እንዳይመታህ አደራ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከንዴት በቀር የነካኝ ነገር የለም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለቴ አነበብኩት፤ በሁለተኛው ደሜ ፈላ። ወንድሜን ይቅርታ ካልጠየቅሽ ለእረፍት አልመጣም ትለኛለህ። የእሳቸውን ሰምተሃል፤ አሁን ደግሞ የእኔን ስማ።

ጋሼ ወንድምህ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መሆናቸው ነው ጣጣው። የከተማው ትምህርት ቤቶች የፈጠራ ኤግዚቢሽን ሊካሄድ ነው ሲባል ቢሯቸው ጠሩኝና፣ የሰባተኛ ክፍል ልጆችሽ መብራት የሚበራበት የካርቶን ከተማ ይሥሩ፣ ካቃታቸውም አናጺ እንቀጥራለን አሉኝ። አናጺው ከሠራው ልጆቹ ምን ሊያደርጉ ነው? አጠገቡ ቆመው ፎቶ ሊነሱ? ደብተሬን አንስቼ ወጣሁ። እሳቸው እሺ ያልኩ መሰላቸው።

የእኔን ነገር ታውቀዋለህ። የዲዛይን ትምህርት ስጀምር ምን መሥራት ትፈልጋላችሁ ብዬ አልጠይቅም፤ ከጠየቅካቸው ሁሉም ሮቦት ነው የሚሉህ። እዚህ ግቢ ውስጥ ምን ያናድዳችኋል ነው የምላቸው። አንዱ የሚወዛወዘው ዴስክ አለ፣ ሌላው አቧራው አለ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ክፍሉ ሁሉ «ዝምታ» የሚላት ልጅ አለች። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። እጇን አወጣች።

«የሴቶች ሽንት ቤት በር ከውስጥ አይዘጋም» አለች። «ጓደኛ ያላት ታስይዛለች። እኔ የሚይዝልኝ ስለሌለ ቤቴ እስክገባ ውሃ አልጠጣም።»

ወንዶቹ መሳቅ ጀምረው ነበር፤ መሃል ላይ ተዉት። እኔም የበሩን ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲያ ካርቶኑን ማን ያስታውሰዋል! በሩን ለኩ፣ ወርክሾፓችን ገብተው በኮምፒውተር ሳሉ፣ ፕላስቲክ እያቀለጠ ቅርጽ በሚያወጣው ማሽን መቀርቀሪያ ሠሩ። የመጀመሪያው ገና ሲስቡት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አወፈሩት። ሁለተኛው መሰበሩን ተወ፤ መከፈቱንም አብሮ ተወው። ይህንን ያወቅነው እኔ ገብቼ ስሞክረው ነው። እኔ ውስጥ ተቀርቅሬ፣ ልጆቹ ውጭ በካቻቪቴ ከማጠፊያው ጋር ሲታገሉ፣ ጋሼ በዚያ ሲያልፉ መምህራችሁ የት ናት ቢሏቸው ሙከራ ላይ ናት አሏቸው አሉ። ሳቅ፣ ግድ የለም፤ እኔም ስቄያለሁ። በማግስቱ አዲስ ሥዕል ይዘው መጡ። ሰው ሲኖር ቀይ፣ ከሌለ አረንጓዴ ያሳያል፤ ችግር ቢፈጠር ደግሞ ከውጭ በሳንቲም ጠርዝ ይከፈታል። በሁሉም በሮች ላይ ገጠሙት። ዝምታ አሁን ውሃዋን እንደ ልቧ ትጠጣለች። እንዲያውም ወሬ አብዝታ ሰሞኑን ተቆጥቻታለሁ።

ወደ ኤግዚቢሽኑ ልንወስደው ነው ስላቸው ጋሼ ጸጉራቸውን ሊነጩ ምንም አልቀራቸው። የሽንት ቤት ነገር በእንግዳ ፊት? ገመናችንን አደባባይ ልታወጪ ነው? ካርቶኑን አናጺው ጨርሶታል፣ እሱ ይበቃናል አሉኝ። ከዕቃ ቤት አሮጌ በር አወጣን፣ መቀርቀሪያውን ገጠምንበት፣ ከልጆቹ ጋር በትከሻችን ተሸክመን በዋናው መንገድ ሄድን። አዎ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ! እንግዶቹ እኛ ጋ ሲደርሱ እየዘጉ እየከፈቱ አልሄድም አሉ። የሌላ ትምህርት ቤት መምህርት የእኛም አይዘጋም ብላ ሥዕሉን ለመነችን፤ ሰጠናት። ሽልማቱን ማን ወሰደ ብትለኝ የአናጺው ካርቶን ነው። ተሸልመውም ግን ጋሼ አልበረዱም፤ አንዱ እንግዳ እስካሁን የሴቶቹ በር አይዘጋም ነበር እንዴ ብሎ ጠይቋቸዋላ።

ወይ በመምህራኑ ሁሉ ፊት ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ ወይ ወርክሾፑን ትለቂያለሽ አሉኝ። ትናንት ስብሰባ ላይ አስነሱኝ። ተነሣሁ።

«ጋሼ፣ እንደ ታላቅ ወንድሜ አከብርዎታለሁ» አልኩ። «የሚያሳፍረው ግን አደባባይ የወጣው በር አይደለም፤ ስንት ዓመት ሳይዘጋ የኖረው ነው። ይቅርታ የሚገባቸው ልጆቹ ናቸው። እርስዎም እኔም ልንጠይቃቸው ይገባል።»

ጋሼ የወርክሾፑን ቁልፍ አምጪ አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ኮምፒውተሮቹም ማሽኑም ተቆለፈባቸው። ሰኞ ልጆቼን ከደረጃው ስር ሰብስቤ በወረቀትና በእርሳስ አስተምራለሁ። ቁልፉን አስረከብኩ እንጂ ትምህርቱን አላስረከብኩም። ከዚያም ካባረሩኝ በአጥሩ በኩል አስተምራለሁ።

አንተ ራስህ መካኒክ ነህ። አልነሣ ያለ ሞተር ስታስነሣ፣ ጩኸቱ ረበሸን ቢሉህ ይቅርታ ጠይቀህ ታጠፋዋለህ? አውቅሃለሁ፤ አታደርገውም። ታዲያ እኔን ለምን አጥፊ ትለኛለህ? ለቤተሰቡ ሰላም ብለህ ጽፈሃል። እኔም ከቤተሰቡ ነኝ እኮ።

ቤቱ ሰፍቶብኛል። ናፍቀኸኛል፤ ተቆጥቼም ናፍቀኸኛል። ጎረቤታችን ባልሽ መቼ ነው የሚመጣው ስትለኝ በዚህ ወር ብያት ነበር። ደብዳቤህ ከደረሰኝም በኋላ ጠየቀችኝ። በዚህ ወር አልኳት።

ባሕሩ ይርጋልህ፣ እጅህን ከብረት ይጠብቅልህ፣ የምታስነሣው ሁሉ ይነሣልህ።

ይቅርታውን አትጠብቅ። አንተ ግን ና።

ያቺው ሚስትህ