ሁለት ጥቅል ሞላ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፤ ከት/ቤት መልስ

መኪናዋ ዛሬም ተነሳች። በሦስተኛው ሙከራ። አሥር ደቂቃ አሠራኋት፣ አጠፋኋት። ባትሪዋ እንዳይሞት በየሁለት ቀኑ እንዲህ ነው። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ሲጮኽ የጎረቤት ሕፃናት ይሮጣሉ። እማ ደግሞ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ትቆማለች። ወንድሜ በረከት የመጣ ይመስላታል መሰለኝ። አልጠየቅኳትም።

ስለ መኪናዋ እስካሁን በደንብ አልነገርኩህም፣ ደብተር። ቀይ ቪትዝ ናት። በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። ወንድሜ አራት ዓመት የነዳውን ባጃጅ ሸጦ ገዛት። «የኔ» ብሎ አያውቅም፣ «የኛ» ነበር የሚላት። ሰፋፊ ቸርኬ አስገባንላት፣ ትንሽ መሪ፣ ያንን የሚጮኽ ማርሚታ። ሞላዋን አስቆርጠን ዝቅ አደረግናት። መናኸሪያው ጋ ስናልፍ የባጃጅ ልጆች ይጮኹ ነበር፦ «ቤኪ፣ መኪናህ ተቀምጣለች፣ አስነሳት!» እሱ ይስቃል። ጡሩምባ ይነፋል።

በረከት ከሞተ ሦስት ወር ሆነው። ዘንድሮ የዘመን መለወጫችንን፣ ጊፋታን፣ አላከበርንም።

በአማርኛ የምጽፍብህ ሳራን ፈርቼ ነው። ትንሿ እህቴ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ በወላይትኛ የተጻፈ ካገኘች አንብባ ለሰፈሩ ታዳርሳለች። አማርኛው ገና ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

እራት ላይ አባ ተናገረ። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ሃላሌ እንሄዳለን። በረከት የተቀበረው እዚያ ነው፣ አያቴ መሬት ላይ። እማ በሚኒባስ አልሄድም አለች። «በልጄ መኪና ካልሆነ እቀራለሁ።» አባ ያቺ መኪና ያንን መንገድ እንደማትችል ነገራት። ከዚያ «ጌጥ ነው ልጄን የበላው» አለ።

እኔ ጎደሬዬን እያየሁ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ሒሳብ ፈተና ነበር። ባዶ ወረቀት ሰጥቼ ወጣሁ ማለት ይቻላል።

ልጻፈው።

ነሐሴ ላይ ሁለታችን አያቴን ልንጠይቅ ሄድን። ልንመለስ ስንል ሆዱን አመመው። ራሱ ነዳ። በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ቀኝ ጎኑን ይዞ። እኔ መንዳት አልችልም። ቤሌ ሳንደርስ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ድንጋይ አለ፣ ከመንገዱ መሀል ብቅ ያለ። የመኪናዋ ሆድ እሱ ላይ ተመታ። ዘይቷ ፈሰሰ፣ ሞተሯ ቆመ። (በኋላ ተጎትታ መጥታ ተጠግናለች።) ሚኒባስ እስኪመጣ ከሁለት ሰዓት በላይ መንገድ ዳር ተቀመጥን። ሶዶ ሆስፒታል ስንደርስ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቷል ተባለ። ኦፕራሲዮን ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

መቼ እንደፈነዳ ሐኪሙን መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅሁም። እፈራለሁ።

የቀረው ይኸው። በረከት ለመካኒኩ ለሸምሱ ያለው «ከሞላው አንድ ጥቅል ቁረጥ» ነበር። ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ። ስልኬ ላይ ቪዲዮ አሳየሁት፣ መሬት ልትስም ምንም ያልቀራት መኪና። ሸምሱ የገጠር መንገድ አለባችሁ ብሎ ተከራከረ። በረከት እኔን አየኝ፣ ሳቀ። «ሁለት ይሁን በቃ፣ ልጁ ደስ ይበለው።»

ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ባሰ። አያቴ ለአባ ደውለው ነበር። መቃብሩ ጋ ከመቆማችን በፊት ደጃፋቸው ላይ እያንዳንዳችንን ሊጠይቁን ነው፦ የደበቃችሁት ነገር አለ? ጎሜ ይባላል በኛ። ሰው ጥፋቱን ከሸሸገ ጥፋቱ ቤት ውስጥ ይቀመጥና ሌላ ሰው ይይዛል። አባ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ ይሄ የድሮ ነገር ነው ይላል። ግን አባቱን እምቢ አይልም።

ሳራን ከሰዓት ጀምሮ ትኩሳት ይዟታል። ጉንፋን ነው። ጉንፋን ነው። ግንባሯን አራት ጊዜ ነካሁ። ተናደደችብኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከክፍል ቀርቼ ሸምሱ ጋራዥ ሄድኩ። «ተማሪው፣ ዛሬ በዓል ነው እንዴ?» አለኝ። መኪናዋን ወደ ድሮ ቁመቷ እንዲመልሳት ለመንኩት። እማ የምትለውን ነገርኩት። ከአንዲት የተጋጨች ቪትዝ ያወጣው ደህና ሞላ አለው። ለሐሙስ አደርሳታለሁ አለ።

ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተናገረ። አባ መጥቶ ማን አስቆረጠው ብሎት ነበር። «ደንበኛው» ብሎ መለሰለት። ውሸት አይደለም። ግን ሶላት ላይ እንኳ ይመጣበታል። «ሁለት ያልከው አንተ፣ እሺ ያለው እሱ፣ የቆረጥኩት እኔ። የኔን እኔ እነግረዋለሁ። ያንተን አልነግርልህም።»

ያንተ ጥፋት አይደለም እንዲለኝ ነበር የሄድኩት። አላለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

መኪናዋ በድሮ ቁመቷ ቆመች። ታስጠላለች። ጭቃ ልትሻገር ቀሚሷን የሰበሰበች ሴትዮ ትመስላለች። ሸምሱ እየነዳ፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ መናኸሪያውን ስናልፍ አንዱ የባጃጅ ልጅ «ቤኪ፣ መኪና…» ብሎ ጀመረ። ቃሉን ሳይጨርስ ኮፍያውን አወለቀ።

ሳራ ተሽሏታል። እንደገና ነካኋት።

አባ መኪናዋን ዞሮ አያት። ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። «ይሄን ያኔ ቢያደርገው ኖሮ» አለ። ቢያደርገው። እሱ። አፌን ከፈትኩ። እማ ጠራችን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ መንገድ ላይ

ጽሑፌ ቢጣመም መኪናዋ ናት። አባ ይነዳል፣ እማ ከፊት፣ ሳራ እኔ ትከሻ ላይ ተኝታለች። ቤሌን አለፍን። ዳገቱ ይታየኛል።

ድንጋዩ እዚያው አለ። አላነሱትም።

አለፍን።

አባ ፍጥነት ቀነሰ። እማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ጥርሴን ነክሼ ድምፁን ጠበቅሁ። ምንም የለም። ጫፏን እንኳ አልነካትም። ሳራ ነቅታ ደረስን ወይ አለች። አባ መሪውን አንቆ ይዞ ለእማ፣ «አየሽ? ትችል ነበር እኮ። ያ ልጅ ግን…» አለ። አልጨረሰውም።

አቁምልኝ አልኩት። ሊያስመልሰኝ መስሎት አቆመ። እማና ሳራ ወርደው ጥላው ስር ቆመዋል። አባ ከመኪናዋ ኋላ ውሃ እያወጣልኝ ነው። እኔ ወደ ኋላ ተመልሼ ያ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። አያቴ ደጃፍ ድረስ አልጠብቅም። በረከት እዚያ ተኝቶ ስሙ በኔ ጥፋት እንዲጠራ አልፈልግም። የምጀምርበትን ቃል ካሁን ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ፦ አባ፣ ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ። ጠርሙሱን ይዞ እየመጣ ነው። ደህና ነህ ልጄ እያለኝ…