የወለተሩፋኤል ጉንጭ

ሚያዝያ ፳ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.
ጧት የጎመን መደቡን ኮተኮትኩ። ወለተሩፋኤል እንደ ልማዷ ደጃፍ ተቀምጣ ትፈትላለች። ዓይኗ ስለደከመ ክሩን ለማየት ፀሐይ ፀሐዩን ትሻለች። ቀኝ ጉንጯ ላይ ጠየም ያለ ነገር አየሁ። ጥላሸት መስሎኝ በጣቴ ልጠርግላት ብል አልለቅ አለ።
«ተዉት፤ ማድያት ነው» አለች።
ከመቼ ጀምሮ? የተማሪ ስሕተት አያመልጠኝም ስል ኖሬ፣ የሚስቴን ፊት ሳላይ...

ሚያዝያ ፳፯
ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አልሄድም፣ ራሴን አሞኛል አለች። ራሷን እንዳላመማት አውቃለሁ። ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ጎረቤታችን አባይነሽ ምንጭ ላይ ሴቶቹ ፊት፣ «እታለም፣ ማድያት የእርጉዝ ነው። ምነው፣ እንደ ሣራ በእርጅናሽ ልትወልጂ ነው?» ብላታለች።
«ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ» አለች።
አባይነሽ ክፉ አይደለችም። አፏ ነው። ግን ልጅ ሳናይ ለቀረን ሰዎች...
ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ዋለች። እቤት ውስጥ!

ግንቦት ፫
አባይነሽ ልትክስ ብላ ሎሚ አምጥታላታለች። ወለተሩፋኤልም ተቀብታ፣ እስኪደርቅ ብላ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ተቃጠለ። ልቆጣ ነበር... ዓይኗን ሳይ ተውኩት።

ግንቦት ፬
ሐኪም ቤት ሄድን። ዳኛው የሚባለው ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው።
«እማማ፣ ሎሚውን ለዓሣ ያድርጉት። ሎሚና ፀሐይ አንድ ላይ ጠላት ናቸው።»
ለምን በቀኝ ባሰ ብዬ ጠየቅኩት።
«ሲፈትሉ ጧት ፀሐዩ በየት በኩል ነው?»
በቀኟ! ይህን ማሰብ የኔ ፋንታ ነበር።
ነጭ ቅባት ሰጣት። ጧት ጧት ይቀቡ፤ አይፈትጉት፤ ከፀሐይ ይጠለሉ። ቶሎ አይለቅም፤ ጨርሶ ላይለቅም ይችላል፤ እንዳይብስ ማድረግ ግን ይቻላል አለ።
ወለተሩፋኤል ቀስ ብላ፣ «የእርጉዝ ብቻ ነው?» አለች።
«የለም፣ እማማ። የፀሐይም ነው።»


ግንቦት ፮
ዳስ ሠራሁላት። መጀመሪያ እንጨት ተክዬ ጥላው ከጧት እስከ ቀትር ወዴት እንደሚሄድ አየሁ። በዚህ ወር የቀትሩ ፀሐይ ወደ ሰሜን ያዘነብላል፤ ስለዚህ ደቡቡን ክፍት ተውኩት። ብርሃን ይገባል፣ ፀሐይ አይገባም።
«በርጩማዬንም ሊያስተምሩት ነው?» ትላለች። ቅባቱ ፊቷን አመድ የነካው አስመስሎታል። ሁለታችንም ሳቅን።

ሐምሌ ፲፪
ዝናብ። ማድያቱ ሳሳ። «ሲጠፋ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» አለች።
ባይጠፋስ?

መስከረም ፳፬
ፀሐዩ ተመለሰ፤ ጉንጯም መልሶ ጠየመ። ጥፋቱ የዳሴ ነው። ፀሐዩ ወደ ደቡብ ዞሯል፤ እኔ ደቡቡን ክፍት ትቼ! ዛሬውኑ አፍርሼ አዞርኩት።
ስገባ መስተዋቱን ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ አገኘሁት።
«ልጅ ቢኖረኝ፣ ማድያቱ የሱ ነው እል ነበር» አለች። «አሁን የማን ልበል?»
የለበስኩትን ጋቢ አየሁ። ክሩ ሁሉ በእጇ የተፈተለ፣ እዚያው ደጃፍ፣ እዚያው ፀሐይ ላይ።
«የኔ በዪው» አልኳት።
ጋቢውን ጫፉን ይዛ ክሩን በጣቷ ዳበሰች።

ኅዳር ፭
ነገ የቁስቋም ንግሥ ነው። «እሄዳለሁ። ፀሐዩስ?» አለች።
ፊት «ሰዉስ?» ነበር የምትል።

ኅዳር ፮
ሄድን። ጃንጥላውን እኔ ያዝኩላት። መንገድ ላይ አያ ቢያዝን አየን። የሰፈራችን ቀልደኛ ነው፤ መቼ ያልፈናል!
«ኧረ አያ ክንዱ! ታቦቱ ገና አልወጣ፤ ማንን ነው የሚያጅቡ?»
ሰው ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ። እጄን ላወርድ ቃጣኝ... አላወረድኩም።
ወለተሩፋኤል ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ፣ «አያ ቢያዝን፣ በእርስዎም ቤት ጃንጥላ አይጠፋም፤ የጠፋው ያዢው ነው!» አለችው።
ከሁሉ አብልጣ የሳቀች የቢያዝን ሚስት ናት። አባይነሽም ከኋላ ሮጣ መጥታ ጥላው ሥር ገባች። ወለተሩፋኤል ፊቷን እንደገለጠች አስቀደሰች፣ እልል አለች። ማድያቱ እንዳለ ነው፤ በቀኝ በኩል አሁንም ጠየም ይላል።
ስንመለስ ፀሐይ ከኮረብታው ኋላ ገብታ ነበር። ጃንጥላውን ላጥፍ ስል እጄን ያዘችኝ።
«ፀሐይ እኮ የለም» አልኳት።
«አየሁ። ይያዙት።»