በመዝገብ ያስጻፍኩት የአባት ስም

ደሴ፣ ማክሰኞ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት የቀበሌው ሠራተኛ መዝገብ ይዞ መጣ። እትዬ ዘይነባ የጓሮውን ክፍል በቀን ያከራያሉ፤ እንግዶቹን የምቀበለው ከሌላ አገር መጥቼ እሳቸው ቤት የምኖረው እኔ ነኝ። እንግዳ ያሳደረ ሰው መታወቂያ አይቶ በዕለቱ ማስመዝገብ እንዳለበት፣ ያለ ፈቃድ ማከራየትም እንደሚያስቀጣ ነገረን። የትናንቱን እንግዳ ግን መታወቂያ አልጠየቅሁትም። እትዬ፣ እህል ያልቀመሰን እንግዳ ወረቀት መጠየቅ ነውር ነው ይላሉ፤ ከበላ በኋላ ደግሞ አፈርኩ።

«ይኸኛውስ ማነው?» አለ ሠራተኛው ወደ እኔ እየጠቆመ።

«ልጄ ነዋ! አንተ ደግሞ፣ ልጅም እንደ እንግዳ ይመዘገባል?» አሉ እትዬ።

«እሺ፣ የአባትህ ስም?»

ካገሬ ስወጣ መሸኛ አላወጣሁም፤ መታወቂያዬም ጊዜው አልፏል። ያስረኛል ብዬ ስለፈራሁ የእትዬን ሟች ባል ስም ነገርኩት። ጻፈው። ነገ የሁላችንንም መታወቂያ ሊያይ እንደሚመለስ ነግሮን ሄደ።

«አይዞህ፣ አላህ ልብህን ያውቃል» አሉኝ እትዬ። ይበልጥ ያስፈራኝ ይኸው ነው። አባቴ በሕይወት አለ፤ በስሙ የሚጠራ ወንድ ልጅም ከእኔ በቀር የለውም። ነገ ሰውየው ሲመጣ፣ እትዬን ሳላዋርድ የአባቴን ስም እንዴት እንደማስጽፍ አላውቅም።