ሰባ ዓመት ያለ አንድ ቅሬታ

ለሞርቤላ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፋብሪካ የድሬዳዋ ወኪል፣
ለክቡር ሥራ አስኪያጅ፣
ከዚራ ሰፈር

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎት ሰዓት እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም በሙሉ ጤና እንድትገኙ፣ በቤታችሁም ካለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ጋር በሰላም እንድትኖሩ ከልቤ እመኛለሁ። ምኞቴ ለወግ ያህል አይደለም፤ እኔም ሰሞኑን ለራሴ ቤት ሌላ ምኞት የለኝም።

ዓለምሰገድ ክፍሉ እባላለሁ። መጋላ ሰፈር ውስጥ ከጎረቤታችን ከሃዎ ጋር አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧና አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ተጋርተን የምንኖር ደንበኛዎ ነኝ። ሞርቤላን የገዛሁት ዝናውን ሰምቼ ነው። ምድር ባቡር ይሠሩ የነበሩት አባቴ በአንድ ፈረንሳዊ አለቃቸው ቤት ያዩትን ሞርቤላ እስኪሞቱ ድረስ ሲያወድሱት ኖረዋል፤ እኔን እንኳ እንደዚያ ሲያወድሱ አልሰማሁም። ከማሽኑ ጋር የተሰጠኝ ባለቀለም መጽሔትም ቃላቸውን አጸናልኝ። መሥራቹ የወተት መናጫ በርሜል ይሠሩ እንደነበር፣ ባለቤታቸው የሕፃን ጨርቅ በበርሜሉ ስትንጥ አይተው ሐሳቡ እንደመጣላቸው፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ሰባ ዓመታትም ከአደጋ ጋር የተያያዘ አንድም ቅሬታ ተመዝግቦባችሁ እንደማያውቅ አነበብኩ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ታሪክ በእኛ ግቢ እንዳይበላሽ በጣም ስለፈራሁ ነው የምጽፍልዎት።

አንደኛ፣ ማሽኑ ይነዝራል። ባለቤቴ ማዘንጊያ በእርጥብ እጇ ክዳኑን ስትነካ ክንዷን እስከ ትከሻዋ መታት። ያጋነነች መስሎኝ እኔም ነካሁት፤ ከዚያ በኋላ የማዘንጊያን ቃል ተጠራጥሬ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስልክ ስደውል ያነጋገረችኝ ትሑት ሠራተኛዎ ሞርቤላ እንደማይነዝር፣ ጥፋቱ የቤቴ የኤሌክትሪክ መስመር እንደሆነ በትዕግሥት አስረድታኛለች። መስመሩን አስፈተሽኩ፤ ደህና ነው ተባልኩ። ይህንኑ ስነግራት፣ ቅሬታ የሚመዘገበው የድርጅቱ ባለሙያ ማሽኑን ካየው ብቻ እንደሆነ፣ ባለሙያው ግን ከአዲስ አበባ መቼ እንደሚመጣ እንደማይታወቅ ገለጸችልኝ። ላደረገችልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ፤ ታሪካችሁ ንጹሕ ሆኖ የሚቆይበትን ዘዴ ያን ጊዜ ጥቂት ጠረጠርኩ።

ሦስተኛ፣ ፈራሁ። ይህ ቅሬታ ተብሎ መቆጠሩን እጠራጠራለሁ፤ ነገር ግን ከሁሉም የከበደኝ እሱ ስለሆነ ቁጥር ሰጠሁት። በዚህ ሙቀት ግቢ ውስጥ ጫማ የሚያደርግ የለም፣ ቧንቧው ሥርም ወለሉ ደርቆ አያውቅም። መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ከሥራ ቦታዬ ወደ ቤት እደውላለሁ፤ ማዘንጊያ ቶሎ ካላነሳችልኝ ሥራዬን ጥዬ ወደ ቤት እሮጣለሁ። በመጨረሻም ሶኬት ላይ የሚሰካውን ስፒና ከነገመዱ በቢላዋ ቆርጬ ጣልኩት።

አራተኛውን ለማስረዳት የሰፈራችንን ልማድ መንገር አለብኝ። እዚህ የአንዱ ዕቃ የሌላውም ነው። ማዋስ ያልፈለገ ሰው ግን እምቢ አይልም፤ ተበላሽቷል ይላል፣ ሰሚውም ገብቶት ይተዋል። ስለዚህ ማዘንጊያ ለሃዎ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ እንዳትነኪው ስትላት፣ ሃዎ የሰማችው እምቢታ ነበር። ተቀየመችን። ሰላምታዋ እንኳ አጠረ።

መልካ ጀብዱ ለቅሶ በሄድንበት ቀን ሃዎ የተቆረጠውን ገመድ አየች። ለካ እውነታቸውን ኖሯል ብላ፣ እኛን በከንቱ በመጠርጠሯ አፈረች። ልትክሰንም አስባ በወንድሟ በሙስአብ አዲስ ስፒና አስገጠመችና፣ ዘፍዝፈን የሄድነውን ልብስ ልታጥብልን ማሽኑን ነካችው።

ስንመለስ ልብሳችን በእጅ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አገኘነው። ሃዎ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር፤ ተኝቼበት ነው አለችን። ባልዲ በግራ እጇ ስትጎትት ሰነበተች። ሙስአብ አላስችል ብሎት እስኪነግረን ድረስ፣ ማሽኑ ግድግዳ ላይ እንደወረወራት፣ እሱ ገመዱን ነቅሎ እስክትነቃም ትንፋሿ ጠፍቶ እንደነበር አላወቅንም። ነፍሷ ስትመለስ የተናገረችው ይህ ነው፦ «ወላሂ ማሽናቸውን አበላሸሁባቸው፤ አቦ፣ እንዳትነግራቸው።»

ልብሱን ያጠበችው ከዚያ በኋላ፣ በአንድ እጇ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ጣቶቿ ዛሬም ብርጭቆ አይጨብጡም። አቤት እንድትል ለመንናት፤ የሰው ዕቃ ሳላስፈቅድ ነክቼ ማንን እከሳለሁ ብላ እምቢ አለች። ሰባ ዓመታችሁ ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ። ቅሬታ ያልቀረበው ማሽኑ ማንንም ስላልመታ ላይሆን ይችላል፤ የተመቱት ሰዎች ይሉኝታ ስለነበራቸው ይሆናል። ለሰዎቻችን ጨዋነት ድርጅትዎ ትልቅ ባለዕዳ ነው።

የእኔ ይሉኝታ ስላለቀ በአደባባይ ጻፍኩልዎት። ሞርቤላ በዚህች ከተማ በየትኞቹ ግቢዎች እንዳለ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። እባክዎን ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ሌላ ሴት አሁን፣ ይህን በሚያነቡበት ሰዓት፣ እጇን ወደ ክዳኑ እየዘረጋች ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

ለሞርቤላ ስም ካለኝ ከፍ ያለ ፍርሃት ጋር፣ በእርጥብ እጁ ምንም የማይነካው ታዛዥ ደንበኛዎ፣

ዓለምሰገድ ክፍሉ
ድሬዳዋ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ለሰባኛ ዓመት በዓላችሁ ደንበኞች እጃቸውን ማሽናቸው ላይ አሳርፈው የተነሡትን ፎቶ እንዲልኩ በስልክ መልእክት ጋብዛችሁናል። ከግቢያችን ፈቃደኛ ሰው ስላጣሁ፣ እርስዎ ራስዎ መጥተው ቢነሡልን ታላቅ ክብር ነው። ጫማዎን በር ላይ ያወልቃሉ፣ ቧንቧውን እንከፍትልዎታለን፣ ዳግመኛ የቆረጥኩትንም ገመድ ለዚያች ደቂቃ ብቻ እቀጥለዋለሁ። ከፈሩ አይፈረድብዎትም፤ ፍርሃትዎን ብቻ በጽሑፍ ያድርሱንና በድርጅትዎ ታሪክ የመጀመሪያው ቅሬታ ሆኖ ይመዝገብልን።